ቦርሳው የት ይቀመጥ? በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተማሪዎችን በዲዛይን ቲንኪንግ የማስተማር አሠራር

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ለዓመታት የማውቀው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር። መምህሩ «ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ጽፋችሁ አምጡ» ብሎ አሳይመንት ይሰጣል፤ ልጆቹ ተግተልትለው ይመጣሉ፤ አንዷን መጽሐፍ እየተቀባበሉ አንዱን ገጽ ይገለብጣሉ፤ ሲያስረክቡ የአርባው ልጅ ወረቀት አንድ ነው። ስሕተቱ ሳይቀር አንድ ነው፤ ፊተኛው ልጅ የገባሩን ወንዝ የጥቁር ውሃን ስም አሳስቶ ከጻፈ ከኋላው ያሉት ሁሉ አሳስተው ይጽፋሉ። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይመስለኝም። የራሱ ጥያቄ የሌለው ልጅ መጽሐፍ ፊት ቢቀመጥ ከመገልበጥ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለውን አሠራር የያዝኩት ለዚህ ነው። ከታች የጻፍኩት ከ6ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ካሉ ልጆች ጋር ልትሠሩበት የምትችሉትን ነው። የምጽፈውም በጀት ለሌላቸው፣ ልጆች በፈረቃ ለሚማሩባቸው፣ አንድ ክፍልና ጥቂት መደርደሪያ ላላቸው የሥራ ባልደረቦቼ ነው።

ስሙ አያስፈራችሁ

ዲዛይን ሲባል ብዙ ሰው ልብስና ሕንፃ ይታየዋል። በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ኸርበርት ሳይመን ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ነገሩን ሰፋ አድርጎ አይቶታል፤ ያለውን ሁኔታ ወደሚሻል ሁኔታ ለመለወጥ መላ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ዲዛይን እያደረገ ነው ይላል። በዚህ አነጋገር ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር የትኛውን መደርደሪያ ወዴት እንደሚያዞር የሚያሰላ የላይብረሪ ሠራተኛም ዲዛይነር ነው። በኋላ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ትምህርት ቤት አሠራሩን በ5 ደረጃዎች ከፍሎ አስተማረውና በየአገሩ ተዛመተ፦ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን ማጥራት፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር። ቤተ መጻሕፍትም አልቀሩም፤ የቺካጎና የዴንማርኳ የኦርሁስ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አይዲኦ ከተባለ የዲዛይን ድርጅት ጋር ሆነው ለሙያው ሰዎች የሚሆን መመሪያ አዘጋጅተዋል።

እኔ በአምስቱ መካከል አንድ እጨምራለሁ፤ ማንበብን። ችግሩ ከጠራ በኋላ፣ ሐሳብ ከመፍለቁ በፊት ልጆቹ ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ። ይህ ደረጃ ከቀረ ሥራው የእጅ ሥራ ክበብ ይሆናል፤ በቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ምክንያትም አይኖርም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስድስት ሳምንት ያዙ፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የጠዋቱን ልጅ ከሰዓት፣ የከሰዓቱን ጠዋት ማምጣት እንችላለን ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን ብዙ ልጅ በትርፍ ፈረቃው ቤት ውስጥ ሥራ አለው፤ ታናሽ ይጠብቃል፤ ሱቅ ይቀመጣል። ስለዚህ ከአንድ መምህር ጋር ተስማምታችሁ ከራሱ ክፍለ ጊዜ ውሰዱ። የሳይንስ፣ የዜግነት ወይም የአማርኛ መምህር ቢሆን ሁሉም ያስኬዳል። መምህሩን የሚያሳምነው ነገር አንድ ነው፤ ሥራው በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ነጥብ እንደሚኖረው ንገሩት። ስለ ነጥቡ አከፋፈል ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ልጆቹን በአራት ወይም በአምስት መድቧቸው። ጎበዙን ሁሉ አንድ ቡድን አታድርጉ፤ ዝም የሚሉትንም አትበትኗቸው። ዝምተኛ ልጅ ብቻውን በተናጋሪዎች መሐል ሲገባ ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል።

ዕቃው ቀላል ነው። ከሱቅ የተለመነ ካርቶን፣ ጀርባው ያልተጻፈበት የድሮ ፈተና ወረቀት በአራት የተቆረጠ፣ ቆርኪ፣ ሲባጎ፣ ማዳበሪያ፣ መቀስ፣ ከዱቄት የተበጠበጠ ሙጫ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ስጡ። ደብተሩ ከላይብረሪ አይውጣ፤ ቤት ከሄደ አይመለስም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ እዩ፤ ከዚያ ጠይቁ

ከሁሉም ረጅሙ ደረጃ ይህ ነው። ሁለት ሳምንት ብትሰጡት አይበዛበትም። ልጆችም፣ እኛም፣ ርዕሰ መምህሩም ሁላችንም ወደ መፍትሔው ለመሮጥ እንቸኩላለንና የእናንተ ድርሻ ልጓም መያዝ ነው።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ምረጡ። «የአካባቢ ብክለት» ትልቅ ነው። «በዕረፍት ሰዓት የውሃ ቧንቧው አካባቢ የሚሆነው ነገር» ይበቃል። እኛ ከ7ኛ ክፍል ልጆች ጋር የጀመርነው በራሳችን በር ነው፤ የ3ኛ ክፍል ልጆች ለምን ወደ ላይብረሪ አይገቡም?

ከመውጣታቸው በፊት ቡድኖቹን «ለምን ይመስላችኋል?» አልኳቸው። አንድ ድምፅ ሆነው «ለእነሱ የሚሆን መጽሐፍ የለማ፣ ቲቸር!» አሉ። እኔም በልቤ እንደዚያው ነበር የማስበው፤ የልጆች መጽሐፍ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ እያረቀቅኩ ነበር።

ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ስጡና መሐሉን በመስመር ይክፈለው። በግራ በኩል «ያየሁት»፣ በቀኝ «የመሰለኝ» ብሎ ይጻፍበት። ሦስት ቀን በዕረፍት ሰዓት ለ15 ደቂቃ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ መደርደሪያው ዘንድ፣ አንዱ ከዛፉ ሥር። ፎቶ አያንሱ፤ የሰው ልጅ ፎቶ ሲነሣ ሌላ ሰው ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን የግራው ዓምድ ባዶ፣ የቀኙ የሞላ ይሆናል። አንዱ ልጅ በግራው ላይ «ማንበብ አይወድም» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። «ይህን በዓይንህ አየኸው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሰርዞ ወደ ቀኙ አዛወረው። በቦታው «በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ» ብሎ ጻፈ። ለእኔ የዚያ ሳምንት ትምህርት እዚያች ስርዝ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዷ ተማሪ የጻፈችውን ለክፍሉ አነበበች፦ «ሦስት ልጆች እስከ በሩ መጡ። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ውጭ መሬት ላይ የተከመረውን ቦርሳ አዩ። ተመለሱ።»

ከዚህ በኋላ ነው መጠየቅ። ልጆች ጥያቄ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚመጣላቸው «ማንበብ ትወዳለህ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በመላው ኢትዮጵያ የሚሰጠው መልስ «አዎ» ነው፤ ምንም አያስተምርም። የሆነን ነገር የሚያስተርክ ጥያቄ እንዲጠይቁ አለማምዷቸው፦ «ትናንት በዕረፍት ሰዓት የት ነበርሽ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ጠያቂው ከትንሹ ልጅ ጎን ቁጭ ይበል እንጂ ፊት ለፊት አይቁም። ልጁ ቤት የሚያወራው ሲዳሙ አፎ ከሆነ ሲዳሙ አፎ የሚችል ተማሪ ይጠይቀው፤ ትንሽ ልጅ ፍርሃቱን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። አንዱ ይጠይቅ፤ ሌላው የልጁን ቃል ሳያሳምር እንዳለ ይጻፍ።

አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ የመለሰችው ደብተራችን ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦

— ሚሚዬ፣ ትናንት እስከ በሩ መጥተሽ ነበር አይደል?
— አዎ።
— ለምን ተመለስሽ?
— ቦርሳ ውጭ ነው የሚቀመጠው።
— ብታስቀምጪውስ?
— ምሳ ዕቃው አለ ውስጡ። የእማዬ ነው።
— ይጠፋል ብለሽ ነው?
— ወንድሜ ከሰዓት ይዞት ይመጣል። ከጠፋ እሱ በምን ይበላል?

ጠያቂዋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ላይ መጻፍ አቆመች። እሷም ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ታናሽ ወንድም አላት።

ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ ብልሽት ሲገጥም ሥሩ እስኪገኝ «ለምን?» እያሉ እስከ አምስት ጊዜ መጠየቅ። ለልጆቹ ይህን አስተምሯቸው፤ ግን ቃሉን እንደ ዱላ እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋቸው። «ለምን? ለምን? ለምን?» የተባለ ሕፃን መርማሪ ፖሊስ ፊት የቆመ ይመስለዋል። ከላይ እንዳያችሁት «ብታስቀምጪውስ?» የሚለው ያንኑ «ለምን» በለሰለሰ አፍ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቦርሳ ውጭ ይቀመጥ የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጻሕፍት እየጠፉ ስላስቸገሩኝ ነበር። ግኝቱ ወደ እኔ ሲዞር ልጆቹ ፊቴን ማየት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ቀን ይገጥማችኋል፤ በደንብ ከታየ ችግር ውስጥ ደንብ አውጪው አለበትና። ያኔ ደንባችሁን መከላከል ከጀመራችሁ ልጆቹ የሚማሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚያስቀይም እውነት አይጻፍም። እኔ ያደረግኩት ደብተሩን ተቀብዬ በራሴ እጅ መጻፍ ነው፦ «የላይብረሪው ሠራተኛ መጻሕፍት እንዳይጠፉበት ይፈራል።» የእኔም ፍርሃት እንደ ልጅቷ ፍርሃት አንድ መረጃ ሆኖ ገባ። መፍትሔው ሁለታችንንም ማየት አለበት።

ደረጃ 2፦ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጥሩት

ደብተሩ በወሬ ሞልቷል። አሁን ቡድኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲጽፍ ጠይቁት። አገባቡ ይህ ነው፦ እገሌ እንዲህ ለማድረግ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም እንዲህ መሆኑን አይተናል።

የመጀመሪያው ሙከራ ሁልጊዜ ይወድቃል። የእኛ ልጆች «ትምህርት ቤቱ የቦርሳ መደርደሪያ ያስፈልገዋል» ብለው ጻፉ። መደርደሪያ መልስ ነው፤ ችግሩ ውስጥ ተደብቆ ገባ። ልጆቹ ይህን በራሳቸው እንዲይዙት ቀላል መፈተኛ አለ፤ ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ካለ እንደገና ጻፉ። ሦስት ጊዜ ከጻፉ በኋላ የወጣው ይህ ነው፦ «የ3ኛ ክፍል ልጆች ለቦርሳቸው ሳይሰጉ የሚያነቡበት መንገድ ያስፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱም ቦርሳው ውስጥ ያለው ዕቃ ቤተሰቡ ሁሉ የሚገለገልበት ነው።»

ዓረፍተ ነገሩን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እስከ ሥራው ፍጻሜ አይነሣም፤ ክርክር በተነሣ ቁጥር ወደ እሱ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 3፦ ወደ መደርደሪያው

አሁን ልጁ ጥያቄ አለው። መጽሐፍ የሚቀርበው በዚህ ሰዓት ነው፤ ጥያቄው ትኩስ ሳለ። አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ብታቀርቡ ይገለብጡታል፤ አንድ ሳምንት ብታዘገዩ ልባቸው ወደ ካርቶኑ ሄዷል።

ከአንድ ቀን በፊት በጠረጴዛ ላይ ስምንት ወይም አሥር መጽሐፍ አዘጋጁ። በመደርደሪያችሁ መጻሕፍትን በየርዕሳቸው በቁጥር የሚለየውን የዲዊ አከፋፈልን የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥሮቹ መንገድ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣው ይህ አከፋፈል የእንጨትና የቤት ዕቃ ሥራን በ684፣ የውሃና የቆሻሻ አወጋገድ ምሕንድስናን በ628፣ የአካባቢ ችግሮችን በ363.7፣ ዓሦችን በ597 ያስቀምጣል። ልጆቹ ራሳቸው በቁጥሩ ይፈልጉ፤ ቁጥሩን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም። መጽሐፉ ከሌላችሁ የመማሪያ መጻሕፍትን አትናቁ። ሥርዓተ ትምህርት በተቀየረ ቁጥር የድሮዎቹን ወደ መጋዘን የምንወረውረው ነገር ያሳዝነኛል። የ8ኛ ክፍል የድሮ ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የአማካይ ምዕራፍ ለቦርሳው ጥያቄ ዋና ማጣቀሻችን ነበር፤ ልጆቹ የሃያ ቦርሳ ቁመትና ስፋት ለክተው አማካዩን አወጡ። ከዚያም አማካዩ እንደማይበቃ ደረሱበት፤ ሳጥኑ በአማካይ ልክ ከተሠራ ትልልቆቹ ቦርሳዎች አይገቡም። ይህን ማንም አልነገራቸውም።

የንባቡ ደንብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ማስታወሻ የሚጻፈው መጽሐፉ ተዘግቶ ነው። አንብብ፣ ዝጋ፣ በራስህ ቃል ጻፍ፣ ክፈትና አመሳክር። ይህች ትንሽ ደንብ መገልበጥን ከመቶ ተግሣጽ በላይ አስቁማልኛለች። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ቁም ነገር ይዞ ይምጣ፤ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደሆነ ይጻፍበት። የትምህርት ቤቱ አናጢም፣ ጥበቃውም ማጣቀሻ ናቸው። ስማቸውና የተናገሩበት ቀን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይመዝገብ። ጥበቃችን ቦርሳ በአብዛኛው የሚቀያየረው በደወል ሰዓት፣ ልጆች ሲጋፉ መሆኑን ነገሩን። በመጽሐፍ የማይገኝ መረጃ ነው።

ደረጃ 4፦ ሐሳብ ማብዛት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቡድኑን ሰብስቦ «እስቲ ሐሳብ አምጡ» በማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ ከተደረገው ሙከራ ጀምሮ ደጋግሞ እንደታየው፣ ለየብቻቸው አስበው ሐሳባቸው የተደመረላቸው ሰዎች አብረው እየተናገሩ ከሚያስቡት የበለጠ ሐሳብ ያወጣሉ። ስለዚህ ለሰባት ደቂቃ ዝም ብለው ይጻፉ፤ በአንድ ቁራጭ ወረቀት አንድ ሐሳብ። ከዚያ ወለሉ ላይ ይዘርጉትና ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ያስቀምጡ። «አይሆንም» የሚለው ቃል ለዚያ ቀን ክልክል ነው፤ ለመምህሩም ጭምር። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ባቄላ ስጡትና በወደደው ሐሳብ ላይ ያስቀምጥ። እጅ ማውጣት ካደረጋችሁት ሁሉም የጎበዙን ልጅ እጅ ይከተላል።

ደረጃ 5 እና 6፦ በካርቶን ሥሩት፤ ዝም ብላችሁ ሞክሩት

ሁለቱን አንድ ላይ የጻፍኩት በተግባር ስለማይለያዩ ነው። ሠርታችሁ ትሞክራላችሁ፤ ይወድቃል፤ ትመለሳላችሁ።

ናሙናው በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በ40 ደቂቃ ማለቅ አለበት። እንዳያምር ተጠንቀቁ። ያማረ ነገር የሚሞክረውን ልጅ ያሳፍረዋል፤ «ቆንጆ ነው» ብሎ ይሄዳል። የሠራውም ልጅ ሊጥለው አይጨክንም። ከለር የሚቀባ ቡድን ካያችሁ ቀለሙን በትሕትና ውሰዱበት።

ብዙ ባቄላ ያገኘው ሐሳብ ቁጥር ያለው ካርድ ነበር። ከካርቶን ሁለት ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ቆርጠው አንዱን ቦርሳው ላይ በሲባጎ ያስራሉ፣ አንዱን ለልጁ ይሰጣሉ። ለቦርሳዎቹም አንድ ተማሪ ይመደብላቸዋል። ብልህ ሐሳብ ነው፤ እኔም ወድጄው ነበር።

ሲሞከር ሠሪዎቹ ከጥግ ቁጭ ብለው በ«ያየሁት» ዓምድ ብቻ ይጻፉ። ማስረዳት፣ መርዳት፣ «እንዲህ አድርጊው» ማለት አይፈቀድም። ለልጆች ከዚህ የከበደ ነገር የለም፤ አንዱ አፉን በእጁ ይዞ ነበር የተቀመጠው። ያቺ ባለ ምሳ ዕቃዋ ልጅ ካርዷን ተቀብላ ገባች። መጽሐፍ አነሣች። ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ በበሩ አጮልቃ አየችና ተመለሰች። እንደገና ተነሣች። አንድ ገጽ ሳትጨርስ አራት ጊዜ ተነሣች። ካርዱ በእጇ እንዳለ ነው።

ልጆቹ ደነገጡ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ዓረፍተ ነገር ተመለሱ። «ለቦርሳቸው ሳይሰጉ» ይላል። ካርዱ ቦርሳው ቢጠፋ ማንን እንደምትጠይቅ ይነግራታል፤ ስጋቷን ግን አላነሣላትም። የምትፈልገው በዓይኗ ማየት ነው።

ሁለተኛው ናሙና ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ የካርቶን ሳጥን ነበር። ምንጣፉ ላይ ሆኖ የሚያነብ ልጅ ቀና ሲል ቦርሳው ይታየዋል። የእኔ ስጋትስ? ሳጥኖቹ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ በተቃራኒ ግድግዳ ስለሆኑ፣ ልጅ ወደ ቦርሳው የሚሄደው መጽሐፉን እኔ ዘንድ መልሶ ሲወጣ ነው። ይህን ያመጣው በሙሉ ሥራው ወቅት ሁለት ጊዜ እንኳ ያልተናገረ ልጅ ነው። ለአንድ ሳምንት በካርቶን ሞከርነው። ልጅቷ መጣች፤ ቦርሳዋን ከሳጥኑ ከተተች፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ ቦርሳዋ ዞራ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ጀርባዋን ለቦርሳው ሰጥታ አነበበች። ታዛቢው ተማሪ በግራው ዓምድ የጻፈው «ጀርባዋን ሰጠች» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አናጢያችን ከተሰበረ ዴስክ እንጨት ሠራው።

ስለ ነጥቡ እንግዲህ። ከ20 ቢሆን፣ ለምልከታውና ለቃለ መጠይቁ ማስታወሻ 8፣ ለንባብ ማስታወሻው ከነገጹ 4፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ናሙና መካከል ለተደረገው ለውጥና ለምክንያቱ 6፣ ለገለጻው 2 እንሰጣለን። የመጨረሻው ዕቃ ማማር ነጥብ የለውም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፤ አለበለዚያ አባቱ አናጢ የሆነው ልጅ ቤት አሠርቶ ያመጣል።

ከግቢ ስትወጡ

አንድ ዙር በግቢ ውስጥ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ከተማው መውጣት ይቻላል። ከወላጅ የተፈረመ ፈቃድ፣ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ለየቡድኑ አንድ አዋቂ፣ ከውሃው ዳር የማይታለፍ መስመር። እነዚህ ሳይሟሉ አትውጡ።

የ8ኛ ክፍል ልጆች አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደው ስለ ፌስታልና ስለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማየት ፈለጉ። ሲነሡ «ሐይቃችንን እንጠብቅ» የሚል ፖስተር ሊለጥፉ ነበር። በዚያ ጠዋት ያዩት ግን ሰው ቆሻሻ እንዳይጣል ሳያውቅ ቀርቶ እንዳልሆነ ነው። ቆሮሶ ዓሣውን በልቶ የሚነሣ ሰው ፌስታሉን በእጁ ይዞ ዙሪያውን ያያል፤ የሚጥልበት ያጣል፤ ከመቀመጫው ሥር ይተወዋል። አንዲት ዓሣ ሻጭ እናት «ልጆቼ፣ ጽሑፍ ሞልቶናል፤ መጣያ ነው ያጣነው» አሏቸው።

ወደ መደርደሪያው ሲመለሱ የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ እየገባለት በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን እንደሌለው አነበቡ። ይህን ቀድሞ መቶ ተማሪ ገልብጦታል። በዚያ ቀን ግን አንዱ ልጅ መጽሐፉን ዘግቶ «እንግዲያው የገባው ፌስታል የትም አይሄድማ!» ብሎ ጮኸ።

ናሙናቸው ቀላል ነበር፤ ማዳበሪያ በመቀመጫው እግር ላይ በሲባጎ ማሰር። ባለቤቶቹን አስፈቅደው በሦስት ቦታ አሰሩ። ሰዎች ጣሉበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ የዓሣ አጥንት ሽታ ተከትሎ መጣና በመንቁሩ ማዳበሪያውን ዘነጠለው። ፌስታሉ ሁሉ ተበተነ። ልጆቹ ሮጠው ከለቀሙ በኋላ የማስታወሻ ወረቀታቸውን አወጡ። የሰውን ፍላጎት አይተው የወፉን አላዩም ነበር። ሁለተኛው ናሙና የዓሣ ትራፊና ደረቅ ቆሻሻ የሚለይበት፣ ደረቁ ክዳን ያለው ሆነ። አሁን ወፎች ምን ዓይነት ክዳን እንደሚከፍቱ እየተመለከቱ ነው፤ አባ ኮዳን በተመለከተ ከመጽሐፍ ያገኘነው ጥቂት ስለሆነ የራሳቸው ማስታወሻ ዋና ምንጫችን ሆኗል።

የወደቁትን ናሙናዎች አስቀምጡ

ሥራው ሲያልቅ ካርቶኖቹን ለመጣል ትቸኩላላችሁ፤ ቦታ ይይዛሉ፣ አቧራ ያመጣሉ። ቢያንስ ከየሥራው አንድ የወደቀ ናሙና አስቀሩ። እንደ መጽሐፍ መዝግቡት፤ ተራ ቁጥር ስጡት፣ የተሠራበትን ቀን፣ የቡድኑን ክፍልና ለምን እንደወደቀ በሁለት መስመር የያዘ ካርድ ይንጠልጠልበት። ካርዱን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። ደብተሮቹንም ከማጣቀሻ መጻሕፍት ጎን አስቀምጧቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደረጃ 3 ላይ የሚደርሱ ልጆች የሚያነቡት የታላላቆቻቸውን ሥራ ይሆናል።

እኛ ዘንድ ከመስኮቱ በላይ ባለ ቁጥር ካርዶቹ በሲባጎ ተሰክተው ተሰቅለዋል። ከአጠገባቸው የተዘነጠለው ማዳበሪያ አለ። ካርዱ ላይ በተማሪ የእጅ ጽሑፍ «አባ ኮዳ ቀደደው። ክዳን ያስፈልገዋል። ክዳኑን ግን ሕፃን ልጅ መክፈት ይችላል ወይ? አልሞከርንም» ይላል።